የሕንድ ነገሥታትና የእንግሊዝ ነጋዴዎች ደብዳቤዎች፦ ወረቀቱን ማን እንዴት አነበበው?

የድሮ_ደብዳቤ

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ ሕንድን እንዴት ያዘች ሲባል ሁላችንም ወደ ጦርነቱ ነው የምንሮጠው። ፕላሲ፣ ቡክሳር፣ መድፍ፣ ክህደት። እኔ ሰሞኑን የያዝኩት ደብዳቤዎቹን ነው። የሕንድ ገዢዎችና የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሰዎች ከ1600ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ፣ ኩባንያው ሥልጣኑን እስካስረከበበት እስከ 1858 ድረስ የተጻጻፉትን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የታየኝን ልናገር። ሁለቱ ወገኖች አንድ ወረቀት ይዘው ሁለት ነገር ያነቡ ነበር። ያኔ አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ፈርማን፣ ማለትም የንጉሥ ትእዛዝ ደብዳቤ፣ ሲሰጥ ችሮታ መስጠቱ ነው። ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ካጠፋ ይነሳዋል። ኩባንያው ግን ያንኑ ወረቀት ግልባጭ አስቀርቶ፣ መዝገብ ላይ አስፍሮ፣ ከ40 ዓመት በኋላም እንደ ቤት ካርታ ያወጣዋል።

መነሻው ላይ እንግሊዞቹ ደጅ ጠኚ ነበሩ። ዊልያም ሃውኪንስ በ1608 ሱራት ወደብ ደረሰ፣ የንጉሥ ጄምስን ደብዳቤ ይዞ በሚቀጥለው ዓመት አግራ ገባ። ቱርክኛ ስለሚችል ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ከጃሃንጊር ጋር ያለ አስተርጓሚ አወራ። ንጉሡም ወደደው፣ የቤተ መንግሥት ማዕረግ ሰጠው። የንግድ ፈቃዱ ግን አልጸናም። ፖርቱጋሎች ተቃወሙ፣ የሱራት ሹማምንት ተቃወሙ፣ ሰውየው ባዶ እጁን ወጣ። በ1615 ደግሞ ቶማስ ሮ መጣ። ይሄኛው የንጉሥ አምባሳደር ነው፣ ወጪውን የሚከፍለው ግን ኩባንያው ነው። በ1616 መጀመሪያ አጅሜር ላይ ጃሃንጊር ፊት ቀረበ። የፈለገው በሁለት እኩል ነገሥታት መካከል የሚፈረም ውል ነበር። እስከ 1619 ድረስ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ዞረና ያገኘው ፈርማን ነው፣ ውል አይደለም። ጃሃንጊር የራሱ ማስታወሻ አለው፤ ስለ ወፍ፣ ስለ ፍራፍሬ፣ ስለ ሥዕል ሳይቀር በዝርዝር የጻፈበት። የሮን ስም አንድም ቦታ አያነሳም።

የምታውቁ ጨምሩበት። የማትስማሙም ተናገሩ።

ሸገር_አንባቢ

ጥሩ ክር ነው ወንድሜ፣ ግን አልስማማም። ወረቀትን ይሄን ያህል አታግንነው። ጉልበት ያለው ወረቀቱን እንደፈለገ ያነበዋል፣ በቃ። ነገሥታቱ ደግሞ የዋሆች ነበሩ። ሠረገላና ሥዕል ስጦታ እየመጣላቸው ነጋዴውን እንደ ነጋዴ ብቻ አዩት። መርከቡን አላዩትም፣ መድፉን አላዩትም። ደብዳቤ አነበብክ አላነበብክ ውጤቱ ያው ነው።

እህተ_ጎንደር

@ሸገር_አንባቢ የዋሆች የሚለውን አልቀበልም። በ1680ዎቹ የሆነውን ተመልከት። ኩባንያው ገና ለጋ ሳለ ጉልበቴን ላሳይ ብሎ ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ከአውራንግዜብ ጋር ጦርነት ገጠመ። ያኔ ቦምቤይን ከቦ መከራዋን ያበላት ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሲዲ ያቁት። የጃንጂራ ደሴት ጌታ፣ የሙጋሎቹ የባሕር ኃይል አዛዥ። ሲዲዎቹ ዘራቸው ከአፍሪካ የሚመዘዝ፣ በዚያ አገር ሐበሻ እየተባሉ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። በ1689 ቦምቤይ ደሴት ላይ ወርዶ እንግሊዞቹን ምሽጋቸው ውስጥ አጎራቸው። እስከ 1690 አልወጡም።

መጨረሻው የደብዳቤ ነገር ነው። የኩባንያው መልእክተኞች እጃቸው ከፊት ታስሮ አውራንግዜብ ፊት ተደፉ። ይቅርታ ለመኑ። 150 ሺህ ሩፒ ካሳ ከፈሉ። ንጉሡም ይቅር ብያለሁ የሚል ፈርማን ጻፈላቸው፣ ንግዳቸውን መለሰላቸው። እንግዲህ ይሄ ሰው መድፉን አላየም ትላለህ? አይቷል፣ አሸንፏል፣ ከዚያ ምሯል። ስህተት ካለ ያለው ምሕረቱ ላይ ነው፤ የጉምሩክ ገቢው ስላስፈለገው።

በነገራችን ላይ ቶማስ ሮ ጃሃንጊር ቤት ደጅ ሲጠና ንጉሡን እንቅልፍ የነሳው ጠላት እንግሊዝ አልነበረም። ማሊክ አምባር ነበር። ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሄዶ የአሕመድናጋርን መንግሥት እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ በእጁ ያሽከረከረው ሰው። ጃሃንጊር የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል። በሕይወቱ ግን አምባርን ይዞት አያውቅም። ለእንግሊዞቹ ጊዜ ያልነበረው ለዚህ ጭምር ነው።

ሕግ_ተማሪ

የድሮ_ደብዳቤ ያልከው ነገር ቁልፉ 1717 ላይ ነው ባይ ነኝ።

ኩባንያው በጆን ሰርማን የሚመራ ልዑክ ወደ ዴልሂ ላከ። 1715 ላይ ደረሱ፣ ሁለት ዓመት ያህል ጠበቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ፋሩክሲያር ታመመ፣ የልዑኩ ሐኪም ዊልያም ሃሚልተን አዳነው። ብዙ ሰው ፈርማኑ የተገኘው በሐኪሙ ነው ይላል። ሐኪሙ ረድቷል፤ ግን ከሱም በኋላ ብዙ ስጦታ፣ ብዙ ልመና፣ ብዙ ማስፈራራት ነበረበት። በመጨረሻ በ1717 ፈርማኑ ወጣ። ኩባንያው በዓመት 3,000 ሩፒ ብቻ እየከፈለ ቤንጋል ውስጥ ያለ ቀረጥ ይነግዳል።

3,000 ሩፒ! የቤንጋልን ንግድ ስፋት ለሚያውቅ ሰው ይሄ ምንም ነው። የቤንጋሉ ገዢ ሙርሺድ ቁሊ ካን ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው። ወረቀቱን በግልጽ አልናቀም፣ የንጉሥ ቃል ነዋ። ግን የኩባንያው የቤንጋል ሰፈር በነበረችው በካልካታ ዙሪያ ያሉትን 38 መንደሮች እንዲወስዱ አልፈቀደላቸውም።

ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው። ኩባንያው ለዕቃው ማለፊያ ወረቀት ያወጣል፣ ዳስታክ ይባላል። በዳስታክ የሚያልፍ ዕቃ ቀረጥ አይከፍልም። የኩባንያው ሠራተኞች ደግሞ በግላቸው ይነግዱ ነበር። ያንኑ ወረቀት ለግል ዕቃቸው አደረጉት፣ ለአገሬው ነጋዴም ይሸጡት ጀመር። ናዋቦቹ፣ ማለትም የቤንጋል ገዢዎች፣ ፈርማኑ ለኩባንያው የውጭ ንግድ ነው ይላሉ። ካልካታ ያሉት ደግሞ ቃሉ አይለይም፣ ለሁሉም ነው ይላሉ። ክርክሩ 40 ዓመት ቆየ፣ በየደብዳቤው ይመላለሳል።

የድሮ_ደብዳቤ

@ሕግ_ተማሪ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልለው የፈለግኩትን አልክልኝ።

የቤንጋሉ ናዋብ ሲራጅ ኡድ ዳውላ ጋ እንምጣ። ብዙ ቦታ እንደ ግልፍተኛ ልጅ ነው የሚሳለው። በ1756 ካልካታን ከመውሰዱ በፊት ኮጃ ዋጂድ ለሚባለው ነጋዴ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሦስት ምክንያት ነው የሚያስቀምጠው። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ ምሽግ ሠሩ። ሁለተኛ፣ የዳስታክ መብታቸውን አላግባብ ተጠቀሙ፣ የመንግሥት ገቢ ጠፋ። ሦስተኛ፣ ከኔ የሸሸን ሰው አስጠጉ። እነዚህን ካስተካከሉ ይቆዩ ይላል። ግልፍተኛ ይህን ይጽፋል? ይሄ ክስ ነው፣ ነጥቡ የተለየ።

የካልካታው ገዢ ሮጀር ድሬክ ምን አደረገ? የናዋቡን ደብዳቤ ይዞ የመጣውን መልእክተኛ ከከተማ አባረረው። ስለ ምሽጉ ሲጠየቅ ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሊነሳ ስለሚችል ግንቡን እያደስን ነው ብሎ መለሰ። አስቡት። ናዋቡ አገሩ ውስጥ ሁለት የውጭ ነጋዴዎች ሊዋጉ እየተዘጋጁ መሆኑን በደብዳቤ እየተነገረው ነው። ሲራጅ መልሱን ሲያነብ ወደ ሌላ ዘመቻ እየሄደ ነበር፣ ከመንገድ ተመለሰ።

ሸገር_አንባቢ

እሺ፣ ሲራጅ ክሱ ትክክል ይሁን። ግን የራሱ ሰዎች ናቸው የሸጡት። ሚር ጃፋር የማን ጄኔራል ነው? ጃጋት ሴት የተባሉት ባለ ባንኮች የማን አገር ሰዎች ናቸው? ሁሉን እንግሊዝ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ለናዋቡም ግብር ነው የሚከፍለው፣ ለኩባንያውም ግብር ነው የሚከፍለው።

ነገረ_ታሪክ

@ሸገር_አንባቢ የሸጡት መኖራቸው እውነት ነው፣ ማንም አይክድም። ግን የ1757ን ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል ካነበብካቸው ደም ያፈላሉ።

ፌብሩዋሪ ላይ የኩባንያው ጦር አዛዥ ክላይቭና ሲራጅ ውል ተፈራረሙ። ማርች ላይ አድሚራል ዋትሰን ለናዋቡ ጻፈ፤ ውሉን በ10 ቀን ካልፈጸምክ አገርህ ውስጥ የጋንጅስ ውኃ በሙሉ ተሰብስቦ የማያጠፋው እሳት እለኩሳለሁ ይላል። ይህን ለአገሩ ገዢ ነው የሚጽፈው። በዚያው ወር እንግሊዞቹ የፈረንሳዮችን ሰፈር ቻንደርናጎርን ለመምታት ፈቃድ ጠየቁ። የናዋቡ መልስ፣ ጠላትህ በንጹሕ ልብ ጥበቃህን ከለመነ ነፍሱን ማረው፤ ሐሳቡን ከተጠራጠርክ ግን የመሰለህን አድርግ የሚል ነው። የጨዋ ምክር ነው፣ እምቢም እሺም አይልም። እነሱ ፈቃድ ነው ብለው አነበቡት። ማርች 23 ቻንደርናጎር ወደቀች።

ከዚያ የክላይቭ ደብዳቤ አለ። ለናዋቡ የወዳጅነት ቃል ይጽፋል። በዚያው መልእክተኛ እጅ ለዋትስ፣ ማለትም ናዋቡ ቤት ላለው የኩባንያው ሰው፣ ሚር ጃፋርን አትፍራ በለው፣ 5,000 ሰው ይዤ እመጣለሁ የሚል ደብዳቤ ይልካል።

የባሰው የኦሚቻንድ ነው። ይሄ ነጋዴ ሲራጅን አውርዶ ሚር ጃፋርን ናዋብ የማድረጉን ሴራ ስለሚያውቅ ድርሻዬ በውሉ ይግባ አለ፣ አለዚያ አወጣዋለሁ ብሎ አስፈራራ። ሁለት ውል ተዘጋጀ። በነጭ ወረቀት ላይ ያለው እውነተኛው ነው፣ የኦሚቻንድ ስም የለበትም። በቀይ ወረቀት ላይ ያለው ሐሰተኛው ነው፣ ድርሻው ተጽፎበታል። ዋትሰን ሐሰተኛውን አልፈርምም አለ፣ ፊርማውን ሌላ ሰው አስመስሎ ጻፈለት። ክላይቭ በኋላ ለንደን ላይ በፓርላማ ሲጠየቅ አልካደም። ጁን 23 ቀን 1757 ፕላሲ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሲራጅ ተሸነፈ፣ ሚር ጃፋር ናዋብ ሆነ።

ለኔ ይሄ ቀይ ወረቀት ከጦርነቱ ይበልጥብኛል። ውል የሚያከብር ነጋዴ ነኝ እያለ 150 ዓመት የለመነ ድርጅት ነው ይህን ያደረገው።

ዴልሂ_የተማርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ዴልሂ ተምሬ ነበር፣ እዚያ ስለ ደብዳቤዎቹ መልክ የተማርኩትን ልጨምር። ሁሉም የሚጻፈው በፋርስኛ ነው። ወረቀቱ ላይ የወርቅ ብናኝ ይነሰነስበታል። ማኅተም ይደረግበታል፣ ከዚያ በሐር ወይም በወርቀ ዘቦ ከረጢት ውስጥ ይገባል። የማዕረግ ስሞቹ ብቻ ብዙ መስመር ይፈጃሉ። ማዕረግ መቀነስ ስድብ ነው። ጸሐፊዎቹ ሙንሺ ይባላሉ፣ ሂንዱም ሙስሊምም ነበሩ፤ ኩባንያውም ያለ እነሱ አንድ እርምጃ አይሄድም ነበር፣ ካልካታ ላይ ለዚሁ ሥራ የፋርስኛ ጽሕፈት ቤት ነበረው።

ከ1759 ጀምሮ ያሉት የዚያ ቢሮ ደብዳቤዎች ዴልሂ በሚገኘው የሕንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ። ይዘታቸው በአጭር በአጭሩ በእንግሊዝኛ እየተጠቃለለ ከ1911 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዞች ታትሟል። ማንበብ ለምትፈልጉ ከዚያ ጀምሩ።

እና ይሄን ልብ በሉ። ኩባንያው ቤንጋልን በእጁ ካደረገ በኋላ እንኳ ዋና ገዢው በማኅተሙ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ አገልጋይ ነበር። ለዓመታት አልቀየሩትም፣ ይጠቅማቸው ነበርና።

የድሮ_ደብዳቤ

@ሸገር_አንባቢ ሕዝቡስ ላልከው ሚር ቃሲምን አንብብልኝ። ሚር ጃፋርን አውርደው እሱን ናዋብ ያደረጉት እነሱ ራሳቸው ናቸው። በ1762 ለኩባንያው ገዢ ለቫንሲታርት የጻፈው ደብዳቤ አለ። የናንተ ወኪሎች የገበሬውንና የነጋዴውን ዕቃ በዋጋው ሩብ በግድ ይወስዳሉ፤ 1 ሩፒ የሚያወጣውን ዕቃ ደግሞ ገበሬውን እየደበደቡ በ5 ሩፒ ያስገዙታል ይላል። ሹማምንቴ ሥራቸውን መሥራት አልቻሉም፣ ገቢዬ ጠፋ ይላል። ስለ ገቢው መጨነቁ አይደንቀኝም። ግን ገበሬው በደብዳቤው ውስጥ አለ፣ ዱላው አለ፣ ዋጋው አለ።

መልስ ሲያጣ ያደረገው እጅግ ብልህ ነገር ነው። ቀረጡን ለሁሉም አነሳው። የአገሬው ነጋዴም እንደ እንግሊዙ በነጻ ይነግድ አለ። ካልካታ ተቆጣች። መብታችን ተነካ አሉ፤ ሌላው ሰው እኩል መሆኑ ነው መብታቸውን የነካው። ጦርነት ሆነ፣ በኦክቶበር 1764 ቡክሳር ላይ ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሻህ አላም የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን በዓመት 2 ሚሊዮን 600 ሺህ ሩፒ ለኩባንያው በወረቀት ሰጠ። እሱንም ብዙ አልከፈሉትም፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አቋረጡት።

ሻህ አላም በዚያው ጊዜ ለንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ በቀጥታ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ከ100 ሺህ ሩፒ ስጦታ ጋር። ኢቲሳም አል-ዲን የሚባል የቤንጋል ሙንሺ አብሮ እንዲሄድ ተመረጠ። መርከብ ላይ ከወጡ በኋላ ነው ደብዳቤው አብሯቸው እንደሌለ የተነገረው። ክላይቭ አስቀርቶታል። ምስኪኑ ለንደን ደርሶ የሚያቀርበው ነገር የለውም። ተመልሶ ጉዞውን በፋርስኛ ጻፈው፣ እኛም ያወቅነው በዚህ ነው።

ዱባይ_ነኝ

ይሄን ሳነብ የአጼ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነው የመጣብኝ። በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፣ በወዳጅነት፣ በክርስቲያን ወንድምነት። ለንደን ደረሰ፣ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ቆንስሉን አሰሩ፣ ከዚያ በ1868 መቅደላ። የመጣው ጦር ደግሞ ከየት? ከቦምቤይ። አብዛኛው ወታደር ሕንዳዊ፣ ዝሆኖቹም ከሕንድ፣ 44 ዝሆን። የሕንዶቹ ታሪክ ሩቅ እንዳይመስለን ብዬ ነው።

ሸገር_አንባቢ

@ዱባይ_ነኝ ትክክል። ይቺን አላሰብኳትም ነበር። የማይሶሩ ገዢ ቲፑ ሱልጣንስ? እሱ እኮ አልለመነም።

ነገረ_ታሪክ

ቲፑ አልለመነም። ግን እሱም በደብዳቤ ጊዜ ለመግዛት ነው የሞከረው። ለፈረንሳዮቹ የላካቸው መልእክተኞች በ1798 መጀመሪያ ሞሪሸስ ደረሱ፤ የደሴቲቱ ገዢ ነገሩን በአዋጅ አወጣበት፣ ምስጢሩ ካልካታ ገባ። የኩባንያው ዋና ገዢ ዌልዝሊ ጠየቀው። የቲፑ መልስ፣ ነጋዴዎች ሩዝ ጭነው በመርከብ ሄደው ነበር፣ ሲመለሱ ሥራ የሚፈልጉ ሰዎች አብረው መጡ የሚል ነው። በኋላም ለአደን እየወጣሁ ነው ብሎ ጻፈ። ዌልዝሊ ግን በወዳጅነት ቃል እየጻፈለት ጦሩን ይሰበስብ ነበር። ናፖሊዮንም ከካይሮ ጽፎለት ነበር፣ ደብዳቤው መንገድ ላይ ተያዘ። ሜይ 4 ቀን 1799 ስሪራንጋፓትናም በር ላይ እየተዋጋ ሞተ።

ሕግ_ተማሪ

የመጨረሻውን እኔ ልበል፣ ምክንያቱም የክሩን ሐሳብ ገልብጦ ያሳያል። ጃንሲ የምትባለው ትንሽ ግዛት ራኒ (ንግሥት) ላክሽሚባይ።

ባሏ በኖቬምበር 1853 ሞተ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን የእንግሊዝ ሹማምንት ባሉበት ልጅ በጉዲፈቻ ወሰደ፣ ለእነሱም ደብዳቤ ሰጠ። ዋና ገዢው ዳልሁዚ የሥጋ ልጅ ስለሌለ ግዛቱ ለኩባንያው ይሆናል አለ። እሷ ምን አደረገች? ሰይፍ አላነሳችም። ጻፈች። በመጀመሪያ በ1804፣ ቀጥሎ በ1817 ኩባንያው ከጃንሲ ጋር የተፈራረማቸውን ውሎች ጠቀሰች። የ1817ቱ ውል ግዛቱ ለወራሾቹ ለዘለዓለም ነው ይላል። ዳቲያና ኦርቻ የተባሉት ጎረቤት ግዛቶች ጉዲፈቻቸው እንደጸደቀላቸው አስታወሰች። ጆን ላንግ የሚባል ጠበቃም አማከረች።

ማለትም በኩባንያው መንገድ ሄደች። ወረቀቱን አወጣች፣ አንቀጹን ጠቀሰች፣ የቀደመ ውሳኔ አቀረበች። የዳልሁዚ መልስ ምን ነበር? ጃንሲ ጥገኛ ግዛት ናት፣ የተሰጠችው በችሮታ ነው፣ ሰጪው መልሶ ሊወስድ ይችላል። 1717 ላይ የንጉሡን ችሮታ የማይሻር መብት ነው ያሉት ሰዎች ናቸው 1854 ላይ የፈረሙትን ውል ችሮታ ነው ያሉት። በወር 5,000 ሩፒ ጡረታ ቆረጡላት።

በ1857 ጃንሲ ላይ የነበሩት እንግሊዞች በአማፂ ወታደሮች ሲገደሉ እንደገና ጻፈች፣ ለኮሚሽነር ኧርስኪን። እሱም የኛ ሰው እስኪመጣ ከተማውን አስተዳድሪ ብሎ መለሰላት። በሚቀጥለው ዓመት የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የሂዩ ሮዝ ጦር ነው። ጁን 1858 ጓልዮር አጠገብ በውጊያ ሞተች።

እህተ_ጎንደር

ልጁስ? የጉዲፈቻው ልጅ ምን ሆነ? ከጃንሲ ስትወጣ ይዛው ነበር የወጣችው ይባላል።

ሕግ_ተማሪ

@እህተ_ጎንደር አዎ፣ ዳሞዳር ራኦ። ከሷ በኋላ ታማኞቿ ጫካ ለጫካ ይዘውት ዞሩ፣ በመጨረሻ ለእንግሊዞች እጁን ሰጠ። ትንሽ ጡረታ ተቆረጠለትና ኢንዶር ተቀመጠ። እሱም አቤቱታ ይጽፍ ነበር፣ ግዛቱ ግን አልተመለሰለትም። በ1906 ኢንዶር ውስጥ ሞተ።